ኢንተርሎክ ለሁለተኛ ጊዜ በዲዩአይ ለተያዘ ሰው፦ ምን ያነባል? ምን ያሳስተዋል? ከተነቀለስ በኋላ?

ፌርፋክስ_22

ሰላም ለዚህ ቤት። ወንድሜ ቨርጂኒያ ውስጥ ጠጥቶ በማሽከርከር (ዲዩአይ) ሁለተኛ ጊዜ ተፈርዶበታል። የተገደበ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መኪናው ላይ ኢንተርሎክ፣ ማለትም ነፍተውበት ትንፋሹ ከአልኮል ነፃ ካልሆነ መኪናውን የማያስነሳ መሣሪያ፣ ካስገጠመ ብቻ ነው። መኪናው ፕሪየስ ነው፣ በነዳጅም በባትሪም የሚሄድ ሃይብሪድ፤ በእሱና በባለቤቱ ስም ነው የተመዘገበው። ሌላ አንድ መኪናም አላቸው።

ሥራውን በደንብ የምታውቁ ብትመልሱልኝ። ይህ ነገር ውስጡ ምንድን ነው? ሞተሩ በራሱ እየጠፋና እየተነሳ የሚሠራው ፕሪየስ ላይ እንዴት ይገጠማል? ሁዳዴ ስለሚጾም ባዶ ሆድ ቁጥር ያወጣበታል ወይ? እንጀራና ብርዝስ? ከሁሉ በላይ ግን ማወቅ የምፈልገው መሣሪያው ሦስተኛውን ጊዜ ያስቀርልናል ወይስ ለ6 ወር ብቻ የሚያስፈራ ነገር ነው የሚለውን ነው።

ሞተሪኖ

እህቴ፣ ከመኪናው በኩል ያለውን እኔ ልመልስልሽ።

የሚነፋበት እጀታ ውስጥ ፊውል ሴል የሚባል ትንሽ ሴንሰር አለ። ሁለት የፕላቲነም ኤሌክትሮዶች ናቸው፣ በመካከላቸው አሲድ የጠጣ ስስ ሽፋን። በትንፋሽ የመጣው አልኮል ፕላቲነሙ ላይ ሲያርፍ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ኮምጣጤ ውስጥ ወዳለው አሲድ ማለት ነው፣ ይለወጣል። ሲለወጥ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ አልኮሉ በበዛ ቁጥር ኤሌክትሪኩ ይጨምራል፤ እሱ ነው ቁጥር ሆኖ የሚመዘገበው። ቨርጂኒያ ውስጥ በደም ውስጥ ያለ አልኮል 0.02 በመቶ ካለፈ መኪናው አይነሳም። የወንጀሉ መስመር 0.08 ነው፤ የመሣሪያው መስመር የዚያ ሩብ ነው። «አንድ ብቻ ነው የቀመስኩት» ማለት እዚህ አያዋጣም።

ስለ ጾሙ አትጨነቁ። ሆድ ባዶ ሲሆን፣ ወይም የስኳር ሕመም ሲኖር፣ በትንፋሽ የሚወጣው አሴቶን ነው፤ ፊውል ሴል ደግሞ አሴቶንን አያነብም። ያምታታ የነበረው የድሮው ርካሽ ሴሚኮንዳክተር ሴንሰር ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾምም ማሽኑ ዜሮ ነው የሚለው።

የሚያሳስተው ሌላ ነገር ነው፦ አፍ ውስጥ የቀረ አልኮል። አንዳንድ የአፍ መጉመጥመጫ ከሃያ በመቶ በላይ አልኮል አለው። የሳል ሽሮፕ፣ ኮምቡቻ፣ «ከአልኮል ነፃ» የተባለ ቢራ (አሜሪካ ውስጥ እስከ 0.5 በመቶ ሊኖረው ይችላል)፣ በእርሾ የተነፋ ትኩስ ዳቦ ሁሉ አፍ ውስጥ ጥቂት ይተዋሉ። እንጀራ ሲጋገር አልኮሉ በአብዛኛው በእንፋሎት ይሄዳል፤ ቢሆንም ጥርስ መካከል ፍርፋሪ ይዞ አይነፋ። ብርዝ ግን ይለያል። ዛሬ የተበጠበጠ ሌላ፣ ሦስት ቀን የቆየ ሌላ ነው፤ የቆየው ወደ ጠጅነት እየሄደ ነው። ቅሪቦም እንደዚሁ። ለነዚህ ወራት ሁለቱንም ይተዋቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከመንፋቱ በፊት 15 ደቂቃ ምንም አይቅመስ፣ አያጭስ፣ አፉን በንጹህ ውሃ ይጉመጥመጥ። እንዲያም ሆኖ ቁጥር ከወጣ ትቶ ወደ ቤት እንዳይገባ። ይጉመጥመጥና ደጋግሞ ይንፋ፤ ራሱ መዝገቡ ነው የሚመሰክርለት። የአፍ አልኮል መዝገብ ይህን ይመስላል፦

6:12 — 0.058
6:19 — 0.011
6:28 — 0.000

የጠጣ ሰው መዝገብ ደግሞ ይህን፦

6:12 — 0.058
6:19 — 0.056
6:28 — 0.054

ደም ውስጥ የገባ አልኮል በተለምዶ በሩብ ሰዓት ከ0.004 ወይም ከ0.005 ብዙ ያለፈ አይወርድም። አንዴ 0.058 ነፍቶ ትቶ የሄደ ሰው ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ማንም ሊለይለት አይችልም። መዝገቡን ለሚከታተለው የስቴቱ ፕሮግራም ሲያስረዱ ያለ ማስረጃ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው።

መኪናው ውስጥም ሁለት ጠላቶች አሉት። አንዱ የእጅ ሳኒታይዘር ነው፤ 60 እና 70 በመቶ አልኮል ነው፤ እጁን አሽቶ ወዲያው እጀታውን ካነሳ ጭሱን ነው የሚያነበው። ሁለተኛው የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሽ ነው። ሜታኖል አለው፣ ፊውል ሴሉ ደግሞ ሜታኖልንም ያነባል። በክረምት ረጭቶ አየሩ በፊት ቀዳዳ ሲገባ፣ በዚያው ሰዓት ማሽኑ «ንፋ» ካለ ጉድ ነው። መጀመሪያ መስኮት ይክፈት።

አነፋፉ ደግሞ ፊኛ እንደ መንፋት አይደለም። በአንድ ወጥ ትንፋሽ ወደ 1.5 ሊትር አየር፣ ለ4 ወይም ለ5 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ የሳንባ ጥልቁ አየር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ስለሆነ ነው። ብዙዎቹ ሞዴሎች እየነፉ «እም» እያሉ ማዜም ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ነፍቶ ወዲያው መሳብ። ይህ በፊኛ ወይም በፓምፕ የሚመጣ አየርን ለመለየት ነው። ሰው የሚወድቀው መሃል ላይ ድምፁ ሲቆራረጥበት ወይም ከንፈሩ ጎን አየር ሲያመልጥ ነው። አስም ያለበት ከሆነ የሐኪም ደብዳቤ አቅርቦ መጠኑ እንዲቀነስለት ይጠይቅ፤ የአስም መድኃኒት መሳቢያው (ኢንሄለሩ) ውስጥም አልኮል ሊኖር ስለሚችል እሱን ከተጠቀመ በኋላ 15ቱን ደቂቃ ይጠብቅ።

አሁን ፕሪየሱ። በተለመደው መኪና ከቁልፍ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ይቆረጥና መሣሪያው በመካከል ይገባል፤ ትንፋሹ ካለፈ ሪሌዩ (ኤሌክትሪክ የሚያገናኘው ማብሪያ) ሽቦውን ያገናኛል፣ ሞተሪኖው ይዞራል። ፕሪየስ እንደዚህ ያለ ሞተሪኖ የለውም። ስለዚህ የሚያያዘው ከማስነሻ ቁልፉ ወይም ከፍሬን ፔዳል ከሚሄደው ምልክት ላይ ነው። መኪናው መብራት ላይ ሲቆም የነዳጅ ሞተሩ ስለሚጠፋ፣ መሣሪያው «መኪናው ጠፋ» ብሎ እንዳያስብ ምልክቱን ከሞተር ዙር ሳይሆን መኪናው ለመንዳት ዝግጁ ሲሆን «ሬዲ» ከሚለው ምልክት በኩል መውሰድ አለበት። ይህን ያላስተዋለ ገጣሚ የትራፊክ መብራት ላይ ሁሉ አዲስ ትንፋሽ የሚጠይቅ መኪና ያስረክባችኋል። ቀጠሮ ስትይዙ «ሃይብሪድ ነው፣ በቁልፍ ሳይሆን በመጫን የሚነሳ» በሉ፤ የሚወስደውም ከተለመደው አንድ ሁለት ሰዓት ይበልጣል። ከርቀት ማስነሻ ካለው ይጠፋል። ብርቱካናማ ቀለም ያለውን ገመድ ማንም አይንካ፤ እሱ የከፍተኛ ቮልቴጁ ነው።

ባትሪው ሌላ ራስ ምታት ነው። መሣሪያው ቆሞ ሳለም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የፕሪየስ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ትንሽ ናት፣ በብዙዎቹ ከኋላ በቀኝ በኩል ነው የምትገኘው። ያረጀች ከሆነች ከመግጠማችሁ በፊት ቀይሯት። ለምን እንደዚህ አጥብቄ እላለሁ? ባትሪ ሲሞት ወይም ሲነቀል መሣሪያው «ኃይል ተቋርጦብኛል» ብሎ ይመዘግባል፤ ፕሮግራሙ የሚያየው ሊነካካ እንደሞከረ ሰው ነው። ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ወደ አገልግሎት ሰጪው ይደውል፤ የሠራው ሰው ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደረሰኝ ይስጠው።

የምክር_ሰው

ሞተሪኖ የመኪናውን በደንብ ገልጿል። እኔ ስለሚጠጣው ሰው።

በጣም የሚበዛው ውድቀት ማታ አይደለም፣ ጠዋት ነው። ሰውነት አልኮልን በሰዓት 0.015 ያህል ነው የሚያወጣው። ቡና፣ ሻወር፣ ቅቅል፣ ፌጦ፣ አንዳቸውም አያፋጥኑትም። እኩለ ሌሊት ላይ 0.15 ሆኖ የተኛ ሰው 0.02 ጋ የሚደርሰው ከ8 ሰዓት ተኩል በላይ ቆይቶ ነው፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ እንኳን አልደረሰም። ጭንቅላቱ ግን አስራ ሁለት ሰዓት ላይ «ደህና ነኝ» ይለዋል። የሚነፋው ያኔ ነው።

የኛ መጠጥ ደግሞ ለመቁጠር አይመችም። አሜሪካኖቹ «አንድ መጠጥ» የሚሉት 14 ግራም ንጹህ አልኮል ነው። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ብርሌ ውስጥ ያለ 10 በመቶ የሆነ ጠጅ 24 ግራም ገደማ ነው፤ ማለትም አንድ ብርሌ ወደ ሁለት ይጠጋል። 45 በመቶ የሆነ አረቄ 40 ሚሊ ሊትር ብቻ አንድ ሙሉ ነው። ቤት የተጠመቀ ጠላ ከማድጋ ማድጋ ይለያያል። ሠርግ ላይ አስተናጋጁ ብርሌው ሳይጎድል ስለሚሞላው «ሁለት ጠጣሁ» የሚለው ሰው አራትና አምስት ሊሆን ይችላል፤ እየዋሸም አይደለም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ ልመለስ፣ እህቴ፤ በግልጽ ነው የምነግርሽ። የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ ማዕከል የሚጠቅሰው የጥናቶች ግምገማ እንደሚያሳየው፣ መሣሪያው ተገጥሞ ባለበት ጊዜ በድጋሚ የመያዝ መጠን በመካከለኛ ግምት በ67 በመቶ ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ቁጥር ነው። መንጃ ፈቃድ መንጠቅ ብቻውን እንዲህ አይሠራም፣ ምክንያቱም የተነጠቀው ሰው ያለ ፈቃድ ይነዳል። ያው ግምገማ ግን ሌላም ይላል፦ ከተነቀለ በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል፤ መሣሪያ ካልተገጠመላቸው ጋር ይተካከላሉ። መሣሪያው መኪናውን ነው የሚይዘው፣ ሰውየውን አይደለም።

እና ምን ይደረግ? መልሱ ፍሎሪዳ ውስጥ ታይቷል። እዚያ መሣሪያው ላይ ሦስት ጊዜ ጥሰት ያስመዘገበ ሰው ሕክምና እንዲገባ ይገደዳል። ሕክምና የገቡት፣ መሣሪያው ከተነቀለ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ከተመሳሳዮቻቸው 32 በመቶ ያነሰ ነው በድጋሚ የተያዙት። መዝገቡን እንደ ክስ ሳይሆን እንደ የደም ግፊት ደብተር ብታዩት የምለው ለዚህ ነው። በየወሩ ሲያስፈትሽ የወጣውን ሪፖርት ለአማካሪው ያሳይ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ጊዜ 0.03 ካለ እሑድ ምን እንደሚሆን ማውራት አለባችሁ፤ ማኅበር ነው? ብቻውን ነው? ከሥራ በኋላ ነው? መጀመሪያዎቹ ወራት ላይ የሚወድቅበት ቁጥር በኋላ የሚሆነውን በደንብ ይጠቁማል። በየሳምንቱ የሚወድቅ ሰው በጨዋታ የሚፈታ ነገር አይደለም የያዘው፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ነው። የመጠጥ ፍላጎት የሚቀንስ መድኃኒት አለ፤ ናልትሬክሶን አንዱ ነው፤ ቤተሰብ ሐኪሙ ሊያዝለት ይችላል። ኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያለ) የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ ግን አይሆንም፤ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በየቀኑ አጥብቆ የሚጠጣም ከሆነ መሣሪያው ስለተገጠመ ብሎ በአንድ ቀን ቆርጦ እንዳያቆም፤ መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል፣ ይገድላልም።

ጠበልና ንስሐ አባትም ካሉት መልካም፤ ብዙዎችን ያበረታል። ከሐኪሙ ጋር ጎን ለጎን ይሂዱ እንጂ አንዱ ሌላውን አያስቀር።

አይ_95

የሕጉን በኩል ላክል። ቨርጂኒያ ከሐምሌ 2012 በአሜሪካ አቆጣጠር ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ለተፈረደበትም ታዛለች። ሁለተኛ ከሆነ ግን ልብ በሉ፦ በስሙ የተመዘገበ መኪና ሁሉ፣ በከፊልም ቢሆን፣ መሣሪያ ይገጠምበታል። ስለዚህ ሁለተኛውም መኪና ላይ ስሙ ካለ ሁለት መሣሪያ፣ ሁለት ወርሃዊ ክፍያ ነው። ክፍያው እንደየስቴቱ ይለያያል፤ በወር ከ60 እስከ 100 ዶላር አካባቢ አስቡ። ከትእዛዙ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ መገጠሙን የሚያሳይ ማስረጃ ማቅረብ አለበት።

ቢያንስ 6 ተከታታይ ወር ያለ ጥሰት ይፈለጋል። «ተከታታይ» የሚለው ቃል ነው የሚጎዳው፤ አምስተኛው ወር ላይ ቢወድቅ ቆጠራው እንደገና ሊጀምር ይችላል። በየ30 ቀኑ ማስፈተሽም ግዴታ ነው፤ ቀጠሮው ካለፈ መሣሪያው ይቆልፋል፣ መኪናው ተጎትቶ ነው የሚሄደው።

እየነዱ ሳለ የሚጠየቀው ዳግም ትንፋሽ ብዙ ሰው ያስፈራል። ሞተሩን በመሃል መንገድ አያጠፋም፤ እንዲህ ቢያደርግ ራሱ አደጋ ይሆን ነበር። ደቂቃዎች ይሰጠዋል፤ ጥግ ይዞ ይንፋ። ካልነፋ ወይም ከወደቀ መኪናው እስኪጠፋ ክላክሱ ይጮኻል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ መዝገቡም ይጽፋል። ለምን አስፈለገ? ሌላ ሰው ነፍቶለት ከዚያ መንገድ ላይ እንዳይጠጣ፤ ወይም መኪናውን አስነስቶ ትቶ መጠጥ ቤት እንዳይገባ።

ሥራው ሹፌርነት ከሆነ፦ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ከፈቀደ የአሠሪውን መኪና ለሥራ ብቻ መሣሪያ ሳይገጠምበት መንዳት ይቻላል፤ የራሱ ድርጅት መኪና ግን አይቆጠርም። የጭነት መኪና ፈቃድ ያለው በፌደራል ሕግ በመጀመሪያው ዲዩአይ 1 ዓመት፣ በሁለተኛው ዕድሜ ልክ ይታገዳል፤ በግል መኪናው ቢሆንም። ኢንተርሎክ ይህን አይመልስም።

ዜጋ ካልሆነ ይህንን በተለይ ይስማ። ከ2019 ጀምሮ ባለው ውሳኔ፣ መልካም ሥነ ምግባር በሚመዘንበት ጊዜ ውስጥ ሁለት የዲዩአይ ፍርድ ያለበት ሰው ያ ሥነ ምግባር እንደሌለው ተቆጥሮ ነው የሚጀመረው፤ ማስተባበል ይቻላል፣ ሸክሙ ግን በእሱ ላይ ነው። የዜግነት ማመልከቻ ከማስገባቱ በፊት የስደት ጠበቃ ያማክር። ንጹህ የኢንተርሎክ መዝገብና የሕክምና ወረቀት ካለው አይጣለው።

ሜሪላንድ ለምትኖሩ፣ በ2016 ጥቅምት 1 በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው የኖህ ሕግ ለመጀመሪያ ፍርድ 6 ወር፣ ለሁለተኛ 1 ዓመት፣ ለሦስተኛ 3 ዓመት ያዛል።

ፌርፋክስ_22

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሁለት ነገር ብቻ። ባለቤቱ መኪናውን ስትነዳስ? ሲያልቅስ መሣሪያውን ማን ነው የሚነቅለው?

አይ_95

እሷም ትነፋለች፤ መሣሪያው ሰው አይመርጥም። የሷም ቁጥር በሱ መዝገብ ነው የሚገባው። ካሜራ ስላለው ማን እንደነፋ ይታያል፤ ቢሆንም እሷ ግማሽ ብርሌ ቀምሳ ብትነዳ ማስረዳት የሚጠበቀው ከእሱ ነው። ስለዚህ ያ ቤት ለነዚህ ወራት አብሮ ቢተው ይሻላል። ለእሱ ብላ መንፋት ግን በፍጹም! ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ለነፋችውም ለጠየቃትም። ልጆችም እንዳይነፉለት ንገሪልኝ።

ሞተሪኖ

ራሱ እንዳይነቅል፣ ጓደኛ መካኒክም እንዳይነካ። ጊዜው ሲያልቅ ቬሳፕ፣ የስቴቱ የአልኮል ደህንነት ፕሮግራም ማለት ነው፣ የመፍቻ ፈቃድ ይጽፋል፤ ያን ይዞ ወደ ገጠመው ይሄዳል። ቀኑ ደረሰ ብሎ ያለ ወረቀት የነቀለ ሰው ትእዛዙን እንደጣሰ ተቆጥሮ እንደገና እንዲያስገጥም ሊገደድ ይችላል።

ሲነቀል አጠገቡ ይቁም። የተቆረጠው ሽቦ ተጠምዝዞ በቴፕ ብቻ ታስሮ እንዳይመለስ፤ ተበይዶ በሙቀት የሚጠብቅ ላስቲክ ይልበስ። ያለዚያ ከወራት በኋላ ዝናብ ሲመጣ «ሬዲ» አልበራ ይላል፣ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት ግማሽ ቀን ይፈጃል። ከዚያ ፍሬን ረግጦ አምስት ስድስት ጊዜ አስነስቶ ያጥፋ፣ ክላክሱንና ፍሬቻውን ይሞክር፤ እነሱም ከመሣሪያው ጋር ተያይዘው ነበርና። የተነቀለበትን ወረቀት በሁለት ቅጂ ይውሰድ፤ አንዱን ለዲኤምቪ (ለመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ)፣ አንዱን ለኢንሹራንሱ።